ውሻ፣ ውሃ፣ ጥላ

ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

 

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጂጋ፣ በደምበጫ፣ በሽንዲና በየገጠሩ ቀበሌ ከሬዲዮው ዙሪያ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እስቲ ደብተራችሁን ክፈቱ። ደብተር የሌለው ካለ ግድ የለም፤ በጣቱ መሬት ላይ ይጻፍ። እናቴም ፊደል የቆጠረችው እንደዚያ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሷ ገና ልጃገረድ ነበረች። ዛሬም፣ «ያነበቡት ነገር ጓሮ ካልደረሰ ምን ይረባል?» ትለኛለች። እኔም አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ ይህን አነጋገሯን አልረሳሁትም። የዛሬው ትምህርታችንም የጓሮ ትምህርት ነው።

የዛሬዎቹ ቃላት ሦስት ናቸው። አንደኛው «ውሻ» ነው፤ ሁለተኛው «ውሃ» ነው፤ ሦስተኛው «ጥላ» ነው። መጀመሪያ «ውሻ»ንና «ውሃ»ን ጎን ለጎን ጻፏቸው። የመጀመሪያው ፊደላቸው አንድ ነው፤ «ው»። የሚለያዩት በሁለተኛው ነው፤ አንዱ «ሻ»፣ አንዱ «ሃ»። አሁን ከስር «ጥላ» ብላችሁ ጻፉ። ሦስቱም ቃላት ሁለት ሁለት ፊደል አላቸው። የሦስቱም የመጀመሪያ ፊደል ሳድስ፣ የሦስቱም ሁለተኛ ፊደል ራብዕ ነው።

እነዚህ ቃላት በደብተር ላይ እንዲህ ተቀራርበው ሳለ በግቢያችን ግን ብዙ ጊዜ ተራርቀው ይገኛሉ። ውሻው በር ላይ ታስሯል። ውሃው ጓዳ፣ እንስራ ውስጥ ነው። ጥላው ደግሞ ከቤቱ ወዲያ ማዶ ዞሯል። የዛሬው ንግግሬ ሦስቱን ስለማቀራረብ ነው።

በአውሮፓ ሙቀት የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሳለን ነው። የኛ ሙቀት የበጋ ነው። ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት መግቢያ ድረስ ፀሐይዋ እንዴት እንደምታቃጥል እናንተ ከኔ ታውቃላችሁ። ቡሬ ትንሽ ከፍ ስለሚል ይሻላል። ፍኖተ ሰላም ዝቅ ስለሚል ይብሳል። ወደ ዓባይ በረሃ በተወረደ ቁጥር ደግሞ ሐሩሩ ሌላ ነው። በዚህ ወቅት ላህም፣ ብርም፣ ፈጣምም ውሃቸው ይቀንሳል፤ ምንጮች ይሳሳሉ። ሴቶቻችንና ልጆቻችን ጀሪካን ተሸክመው ርቀው ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለውሻ?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ትንሽ ታገሡኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከቡሬ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ብቻዬን ስለምኖር ቤት የሚጠብቅ አንድ ቡችላ ሰጡኝና አሳደግሁት። አድጎ ደህና ውሻ ሆነ። ቀን ቀን አስረው ነበር፤ ማታ እፈታዋለሁ። በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ግድም ይሆናል፣ ከቤቱ በስተ ምዕራብ ባለው ጥላ አሰርኩት። የተረፈ እንጀራ በላ፤ ውሃም በጣሳ አስቀመጥኩለት። ጭራውን እየቆላ ሸኘኝ። እኔ ወደ ቡሬ ወጣሁ፤ ከምሽቱ በፊት እመለሳለሁ ብዬ።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ግቢዬ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ልጆች ድንጋይ ይዘዋል። አንዱ ተማሪዬ እየሮጠ መጣና፣ «እትዬ፣ አይቅረቡት! አብዷል! እንዳይነክስዎ!» አለኝ። ባየው ጊዜ እኔም ደነገጥኩ። ምላሱ ወጥቶ ያለከልካል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ሊቆም ሲል ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ፈጧል። ጠርቼው አላወቀኝም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ምንም። ቆሜ አየሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ወጥቼ ሰው ላስተምር የመጣሁ ነኝ፤ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልጆቹ በድንጋይ ገደሉት።

ማታ ሰንሰለቱን ልፈታ ስሄድ ነው ያየሁት። ጣሳው ተገልብጧል። መሬቱ ደርቋል። ጥላው ጠዋት የነበረበት ቦታ ደግሞ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ነው። ያ ውሻ አላበደም። በፀሐይ ተቃጠለ እንጂ። ሰንሰለቱን ያሰርኩትም እኔ ነኝ።

ውድ አድማጮች፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ጥላ ይሄዳል፤ የታሰረ ውሻ ግን አይሄድም። ልቅ የሆነ ውሻ ሙቀት ሲበዛበት ራሱ ያውቅበታል። ከብሳና ስር ይገባል፣ አፈር ጭሮ ቀዝቃዛው ላይ ይተኛል፣ ወንዝ ወርዶ ይጠጣል። ስናስረው ግን ይህን ሁሉ ከእጁ ወሰድንበት ማለት ነው። ስለዚህ ያሰረ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ዕዳውም ሁለት ነው፤ ውሃና ጥላ።

አሁን ደግሞ ምክንያቱን እንመልከት። ሰው ሲሞቀው በመላ ሰውነቱ ያልበዋል፤ ላቡ ሲደርቅ ገላው ይቀዘቅዛል። ውሻ ግን እንደኛ አያልበውም፤ የሚያልበው በመዳፉ ስር ትንሽ ብቻ ነው። ታዲያ በምን ይቀዘቅዛል? በምላሱና በትንፋሹ።

እንስራችሁን አስቡ። በጀሪካን ያለ ውሃ ከሰዓት በኋላ ለብ ሲል የእንስራው ውሃ ግን ቀዝቃዛ ነው። ለምን? እንስራ ላብ ስላለው ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ነፋስ ሲያደርቀው ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የውሻ ምላስም እንደዚያው ነው። ሲያለከልክ በምላሱና በአፉ ውስጥ ያለው እርጥበት ይተናል፤ ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። ባዶ እንስራ ግን ምን ያቀዘቅዛል? ምንም። ውሃ ያጣ ውሻም እንደዚያው ነው፤ ቢያለከልክ ቢያለከልክ አይቀዘቅዝም።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከኛ ትንሽ ይበልጣል። ከ41 ዲግሪ ካለፈ አንጎሉ፣ ኩላሊቱ፣ አንጀቱ ይጎዳል። ይህ ደግሞ በሳምንት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በአንድ ቀትር ይሆናል።

እሺ፣ ውሃው ምን ያህል ነው? እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በአገራችን ግቢ የሚጠብቅ መካከለኛ ውሻ፣ ክብደቱ እስከ 20 ኪሎ ቢሆን፣ በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። በሐሩር ጊዜ እስከ ሁለት ሊትር ሊፈልግ ይችላል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ የውሻው ድርሻ ከአንድ ጀሪካን ሃያኛው እጅ ነው፤ ቢበዛ አሥረኛው። ጻፉት፤ 20 ለ 1፣ 20 ለ 2። ለድመት ደግሞ ሦስት የቡና ሲኒ ያህል ይበቃታል። ይህም ቢሆን ሁሉ ከንጹሑ ውሃ መሆን የለበትም። እህል የታጠበበት እጣቢ፣ ሳሙና ያልነካው የሳህን ማለቅለቂያ ይሆናል። አጓት የተረፈው ሰው ከውሃው ጋር ቢጨምርለት ደስ ይለዋል። ነገር ግን የጠላ አተላ ውሃ አይሆንም። አልኮል ስላለበት ውሻን ይጎዳዋል፤ ጥሙንም ያብስበታል። የጨው ውሃም፣ የወጥ ቅሪትም ጥም አይቆርጥም።

ይህ የሙቀት ወቅት ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ የሚገባበት መሆኑንም አትርሱ። በጾም ጊዜ ከገበታ የሚተርፈው ብዙውን ደረቅ እንጀራና ቂጣ ነው። ደረቅ የበላ አብዝቶ ይጠማል። ቂጣውን በውሃ አርሶ መስጠት አንድ ዘዴ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ እኔን የጎዳኝ ያ የተገለበጠ ጣሳ ነው። ስለዚህ ከሰባራ እንስራ ወይም ከሰባራ ጋን የተረፈ ገል ካላችሁ ከግማሽ በላይ መሬት ውስጥ ቅበሩት። እንዲህ ሲሆን ውሻው አይገለብጠውም፤ ሰንሰለቱም አይጥለውም፤ ውሃውም በአፈሩ ቅዝቃዜ ለብ ሳይል ይቆያል። ፕላስቲክ ብቻ ያለው ሰው ዙሪያውን ድንጋይ ይደርድርበት። ሁሌም ጥላ ውስጥ፣ የሰንሰለቱ ርዝመት በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ይታይ። ይህን ሥራ ለአንድ ልጅ ስጡት፤ ኃላፊነትም ይማርበታል።

ወደ ጥላው ልመለስ። ጠዋት ጥላ ከቤቱ በስተ ምዕራብ ይወድቃል፤ ከሰዓት በኋላ በስተ ምሥራቅ። ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ፀሐይ ክፉ ነው። ሰው ቤት የሚውል ከሆነ ውሻውን ቀትር ላይ ያዛውረው። የማይውል ከሆነ ቀኑን ሙሉ ጥላ ከማይለየው ቦታ፣ ከዋንዛ ወይም ከሾላ ስር ይሰረው። የባሕር ዛፍ ጥላ ስስ ስለሆነ አትመኑት። ከተማ ያላችሁ ደግሞ ለውሻ የቆርቆሮ ቤት ትሠራላችሁ። ለዝናብ መልካም ነው፤ በመጋቢት ግን ምጣድ ነው። ከላይ ሣር ወይም የበቆሎ አገዳ አልብሱት፤ ነፋስ እንዲያልፍበትም በሁለት በኩል ክፈቱለት።

እረኞች ሆይ፣ እናንተም ስሙ። ቀትር ላይ ከብቱ ሲያርፍ ውሻውም ይረፍ። ከብት የጠጣበት ቦታ እሱንም አጠጡት። ወደ ገበያ የምትሄዱ ሰዎች ውሻችሁ በአስፋልት ላይ ተከትሏችሁ ከሆነ መጀመሪያ መዳፋችሁን አስፋልቱ ላይ አስቀምጡ። እስከ አምስት ስትቆጥሩ ካልቻላችሁ እሱም አይችልም፤ ጫማ የለውምና። በዳር በዳር፣ በሣሩ ውሰዱት። በቆመ መኪና ውስጥ ውሻ ዘግቶ መሄድ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። መስኮቱ ትንሽ ቢከፈት እንኳ ውስጡ በጥቂት ደቂቃ ይግላል።

ድመትን ረሳሁ እንዳትሉኝ። ድመት ከውሻ ይልቅ ሙቀት ትችላለች። ቀን ትተኛለች፤ ገላዋን በምላሷ ስትልስ ምራቋ ሲደርቅ ያቀዘቅዛታል። ግን ሁለት አደጋ አለባት። አንደኛው መዘጋት ነው። አይጥ ፍለጋ ጎተራ ወይም ቆርቆሮ ክዳን ያለው የእህል ቤት ስትገባ ሳናያት እንዘጋባታለን። እንግዲህ ከመቆለፋችሁ በፊት «ውሮ» ብላችሁ ጥሩ። ሁለተኛው ጆንያ ነው። ድመት ለዘመድ ስንሰጥ መንገድ እንዳታውቅ ብለን በጆንያ ቋጥረን እንወስዳታለን አይደል? በቀትር ፀሐይ፣ በመኪና ጭነት ላይ፣ ይህ ጆንያ መቃብሯ ሊሆን ይችላል። ነፋስ በሚያስገባ ቅርጫት አድርጋችሁ፣ ከላይ ስስ ሻሽ ጣል አድርጋችሁ፣ ማለዳ ውሰዷት። ሌላም ልጨምር። ውሻ ማለክለኩ ወጉ ነው፤ ድመት ግን አፏን ከፍታ ካለከለከች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሙቀት የመታውን ውሻ ከእብድ ውሻ በምን እንለየዋለን? ይህን ማወቅ የውሻ ብቻ ሳይሆን የሰውም ነፍስ ጉዳይ ነው።

ሙቀት በሰዓታት ይመጣል። ጠዋት ደህና የነበረ ውሻ፣ ቀትር ላይ በፀሐይ ታስሮ፣ ውሃ አጥቶ፣ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ ድዱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል። የእብደት በሽታ ግን በብዙው በቀናት ይታያል። ውሻው ጠባዩ ይለወጣል፤ ለማዳው ይሸሻል ወይም ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፤ ጩኸቱ ይለወጣል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። «እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል» የሚባለውን አትመኑበት። ውሃ መፍራት በበሽታው በተያዘ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ያበደ ውሻ ወደ ውሃ ሊሄድም ይችላል። ስለዚህ ውሃ ጠጣ ብላችሁ ደህና ነው አትበሉ።

ታዲያ ስንጠራጠር ምን እናድርግ? ውሻው ታስሮ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አትቅረቡት፤ ልጆችንም አርቁ። ከሩቅ ሆናችሁ በባልዲ ውሃ ድፉበት፤ አሁንም ድፉበት። ሰንሰለቱ እሱን ይይዘዋል፤ ባልዲው እናንተን ያርቃችኋል። ሙቀት ከሆነ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሹ ይረጋል፤ ያውቃችኋል። ይህም ቢሆን እጅ ለመስደድ አትቸኩሉ። ካልተሻለው እንደታሰረ ይቆይ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። በዚህ መንገድ ማንም አይነከስም፤ ያላበደም አይገደልም። እኔ ያን ቀን አንድ ባልዲ ውሃ ባፈስስ ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

ሙቀት መሆኑን በርግጥ ያወቃችሁበት የራሳችሁ ውሻ ከሆነ ደግሞ ፈጥናችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት። ሆዱን፣ ብብቱንና እግሩን ውሃ እያፈሰሳችሁ አርሱ፤ በሰፌድ ወይም በነጠላ አራግቡለት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው፤ ወደ ክሊኒክ መውሰድ ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ አትተዉት፤ ጆንያው ሙቀቱን መልሶ ይይዝበታል። ራሱን የሳተ ከሆነ ውሃ በአፉ አትጋቱት፤ ሳንባው ይገባል። ሲነቃ በትንሽ በትንሹ ራሱ ይላስ።

ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ግን፣ ውሻው ሙቀት ይሁን እብደት ብላችሁ አትከራከሩ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበሉም ጸሎቱም አይከለከልም፤ ክትባቱ ግን አይዘግይ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ ታውቋል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን ማዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻችሁም በየዓመቱ ይከተብ። የተከተበ ውሻ በሐሩር ጊዜ ቢያለከልክ ጎረቤት ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እውነት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እኛ የሚጮኸው በሰጠነው ቁራሽ ነው። ሌሊት ለጠበቀን፣ ቀን አንድ ሊትር ውሃ ብዙ ነው?

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ እናንተ ጻፉ።

ውሻ ውሃ ይጠጣል።

ውሃው በገል ውስጥ ነው።

ገሉ ጥላ ውስጥ ነው።

ጥላ ይሄዳል።

የታሰረ ውሻ አይሄድም።

አስተማሪዎች ዞር ዞር እያላችሁ እዩላቸው። «ሻ»ን እና «ሃ»ን የሚያሳስት ተማሪ አይጠፋም፤ ደጋግማችሁ አጽፏቸው። የቤት ሥራው ይህ ነው። ዛሬ ከትምህርት ስትመለሱ፣ ነገ ደግሞ ልክ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት፣ ውሻችሁ የታሰረበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ጥላው የት እንደደረሰ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ውሻችሁ ከምልክቱ ወዲህ ነው ወዲያ? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ አሳዩ። ያለበት ቦታ ፀሐይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውሻውን አዛውሩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ይደርሳል።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።